የባለሙያን ሕይወት ስለ መጻፍ

፩. መግቢያ

ስለ አንድ ሰው የሚጻፍ ድርሰት በሁለት መንገድ ሊዘጋጅ ይችላል። አንደኛው የሰውየውን መወለድ፣ ማደግ፣ ትዳርና ሞት ሁሉ ተከትሎ የሚሄድ ሲሆን፣ ይህን የሕይወት ታሪክ እንለዋለን። ሁለተኛው ግን ከሰውየው ኑሮ አንዱን ዘርፍ፣ ይኸውም ሙያውን ብቻ ለይቶ፣ እንዴት እንደ ጀመረው፣ ከማን እንደ ተማረው፣ ምን እንደ ሠራበትና ለማን እንዳስተላለፈው የሚተርክ ነው። ይህን የሙያ ታሪክ እንለዋለን። የዚህ ትምህርት ዓላማ ሁለተኛውን ዐይነት ድርሰት ለመጻፍ እንድትችሉ ማዘጋጀት ነው።

ተማሪዎች ስለ ታዋቂ ሰው ጻፉ ሲባሉ ዘወትር የሚሰናከሉበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ምስጋና ነው። «እገሌ እጅግ ድንቅ፣ ዓለም ያደነቀው፣ ወደር የማይገኝለት ከያኒ ነው» ብለው ይጀምሩና ገጹን በዚሁ ዐይነት ቃል ይሞሉታል። አንባቢው ግን ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ ሰውየው ምን እንደ ሠራ ሳያውቅ ይቀራል። እስቲ የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ፦

ሀ. ሩዶልፍ ኑሬዬቭ ዓለምን ያስደነቀ፣ ወደር የሌለው የባሌት ዳንሰኛ ነበር።

ለ. ሩዶልፍ ኑሬዬቭ የሌኒንግራድን የባሌት ትምህርት ቤት የገባው ዘግይቶ፣ በ17 ዓመቱ ነበር፤ ሆኖም ሌሎቹ ከሕፃንነታቸው ጀምረው የሚማሩትን በ3 ዓመት አጠናቅቆ በ1958 የኪሮቭ ባሌት ዳንሰኛ ለመሆን በቃ።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «አድንቁት» ብሎ ያዝዘናል። ሁለተኛው ግን ምንም ሳያዝዘን የምናደንቅበትን ምክንያት በእጃችን ያኖርልናል። ዕድሜው፣ ቦታው፣ የፈጀው ዘመንና የደረሰበት ደረጃ ተነግሮናልና ፍርዱ የእኛው ነው። እንግዲህ የሙያ ታሪክ ሲጻፍ ዋናው ደንብ ይህ ነው፤ ምስጋናን ለአንባቢ ትታችሁ፣ ሥራውን እናንተ አሳዩ።

ቀጥሎ ያለውን ምንባብ ይህን ደንብ በልባችሁ ይዛችሁ አንብቡ። በምንባቡ ውስጥም ሆነ በሌሎቹ ክፍሎች ከወር ስም ጋር ካልተጠቀሱ በቀር የዘመን ቁጥሮቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

፪. ምንባብ፦ ከጎዳና እስከ መድረክ

ጥቅምት 27 ቀን በአዲስ አበባ በቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራል በዓሉን ያከበረ ሰው፣ መዘምራኑ ነጭ ለብሰውና መቋሚያቸውን ይዘው፣ ጸናጽሉንና ከበሮውን አስማምተው ወረብ ሲያቀርቡ አይቶ ይሆናል። በዝግታ ተጀምሮ እየፈጠነ የሚሄደው ያ እንቅስቃሴ ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መቋሚያው መቼ ወደ ግራ፣ መቼ ወደ ቀኝ እንደሚል፣ እግርም መቼ እንደሚነሣ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱ የሚሰጠው በአቋቋም ቤት ሲሆን፣ አንድ ተማሪ ለዚህ ዓመታት ይፈጅበታል። ወረብ ጸሎት እንጂ ትርኢት አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ እርሱም የሰውነት እንቅስቃሴ እንደ ቋንቋ ሁሉ ሰዋስው ያለውና ከመምህር የሚቀሰም መሆኑን ነው።

አውሮፓውያን ባሌት የሚሉት ዳንስም እንዲሁ ነው። ባሌት በኢጣልያ መሳፍንት አዳራሾች ተጀምሮ በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ያደገ ጥበብ ነው። ራሱ ዳንሰኛ የነበረው ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1661 በፓሪስ የዳንስ አካዳሚ አቋቋመ። የእግር አቋቋም በ5 ዐይነት ተወሰነ፤ ለየእንቅስቃሴውም የፈረንሳይኛ ስም ተሰጠው። ስለዚህም ዛሬ በሞስኮም ሆነ በሀቫና፣ በለንደንም ሆነ በቶኪዮ ያለ የባሌት ተማሪ ጉልበቱን እጥፍ ሲያደርግ «ፕሊዬ» በሚለው በአንድ ቃል ይታዘዛል። ዝነኛው ዳንሰኛም ቢሆን የዕለት ልምምዱን የሚጀምረው ጀማሪው በሚጀምርበት በዚያው እንቅስቃሴ ነው።

ወንዶች በዚህ ጥበብ ውስጥ የነበራቸው ስፍራ ከፍና ዝቅ ያለ ነበር። በፓሪስ ኦፔራ መድረክ መጀመሪያ የሚታዩት ወንዶች ብቻ ሲሆኑ፣ ሙያተኛ ሴቶች የወጡት በ1681 ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሴቶቹ ጎልተው፣ ወንዱ ባልደረባውን ከማንሣትና ከመደገፍ ያለፈ ድርሻ አጣ። ቫስላቭ ኒጂንስኪ የተባለው ሩሲያዊ በ1909 ከሰርጌይ ዲያጊሌቭ ቡድን ጋር ፓሪስ ገብቶ ባሳየው ዝላይ ወንዱ ዳንሰኛ እንደ ገና ወደ መድረኩ መካከል ተመለሰ። በ1961 ፓሪስ ላይ ከሶቭየት ኅብረት ቡድኑ ተለይቶ በምዕራቡ ዓለም የቀረው ኑሬዬቭም የኒጂንስኪን ፈለግ የተከተለ ነው። ኑሬዬቭ ወታደር የነበረው አባቱ ዳንስን ለወንድ ልጅ የማይገባ ሥራ አድርጎ ስለሚያየው ትምህርቱን የጀመረው ያለ አባቱ ፈቃድ ነበር።

ይህ የአባት ተቃውሞ በሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የእያንዳንዱ ብሔረሰብ ጭፈራ በሠርግና በበዓል ይወደዳል፤ የሀገር ፍቅር ቴአትርና የብሔራዊ ቴአትር ተወዛዋዦችም ለብዙ ዘመን ሕዝብ ሲያስደስቱ ኖረዋል። ይሁን እንጂ «አዝማሪ» የሚለው ቃል ሳይቀር ለስድብ የዋለበት ጊዜ ስለ ነበር፣ ልጁ በጭፈራ እንጀራውን እንዲበላ የሚመኝ ወላጅ ጥቂት ነው። ወላጅም ቤትም የሌለው ልጅ ሲሆን ደግሞ፣ ስለ ሙያው የሚጨነቅለት ሰው ከናካቴው አይገኝም።

በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ ደራሲ በአዲስ አበባ ወደ 100 የሚጠጉ የጎዳና ልጆች ሰብስቦ፣ የጀርመኑ ደራሲ የካርል ኦርፍ ሙዚቃ በሆነው በካርሚና ቡራና አንድ ትልቅ የዳንስ ትርኢት አዘጋጀ። ልጆቹ ከዚያ በፊት የመድረክ ዳንስ የተማሩ አልነበሩም። መምህሩ ግን «እነዚህ ልጆች ምስኪኖች ናቸውና ትንሽ ቢሞክሩ ይበቃቸዋል» አላለም። ለማንኛውም ዳንሰኛ የሚሰጠውን ጸጥታ፣ ትኩረትና ድግግሞሽ ከእነርሱም ጠየቀ።

ትርኢቱ አልቆ ጭብጨባው ሲበርድ፣ ልጆቹ ወደ ነበሩበት ጎዳና ተመልሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ የአንድ ምሽት ትዝታ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን ከመካከላቸው የተመረጡ ወጣቶች ለ5 ዓመት የሚቆይ ሥልጠና ተጀመረላቸው። ከዚህም አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ። ሥልጠናው ሰውነትን ማፍታታት፣ ሚዛንን መጠበቅ፣ ከባልደረባ ጋር ክብደትን መጋራት፣ ዳንስ መድረስና ሌላውን ማስተማር የሚጨምር ነበር። የዳንስ ደራሲው አዳም ቤንጃሚንም መጥቶ፣ አካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ዳንሰኞች በአንድ መድረክ እንዴት እንደሚሠሩ አስተማረ። በዚህ ትምህርት መሠረት ተሽከርካሪ ወንበርም ሆነ ክራንች የዳንሱ አካል እንጂ እንቅፋት አይደለም።

ከአዱኛ ወጣቶች መካከል አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ ነው። ጁነይድ የሚሠራው ዳንስ ባሌት ሳይሆን ዘመናዊ ዳንስ የሚባለው ነው። ዘመናዊ ዳንስ ከባሌት ብዙ የተማረ ቢሆንም፣ የተወሰኑትን የእግር አቋቋሞች ብቻ አይከተልም፤ ወደ ላይ ከመንሳፈፍ ይልቅ ወለሉንና የሰውነትን ክብደት ይጠቀምባቸዋል።

በ2004 ጁነይድ አንድ ትልቅ ዕድል ገጠመው። የሮሌክስ ኩባንያ በየዘርፉ ስመ ጥር የሆኑ ከያኒያንን ከወጣት ደቀ መዛሙርት ጋር የሚያገናኝ መርሐ ግብር ከ2002 ጀምሮ ያካሂድ ነበር። ለ2004 እና ለ2005 በሥነ ጽሑፍ ማሪዮ ቫርጋስ ዮሳ፣ በሥዕል ዴቪድ ሆክኒ፣ በዳንስ ደግሞ ጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ መምህራን ሆነው ተመረጡ። ተሺጋዋራም ለደቀ መዝሙርነት የተቀበለው ጁነይድን ነበር። ተሺጋዋራ ሥነ ጥበብንና ባሌትን በቶኪዮ ተምሮ፣ በኋላ ግን የራሱን መንገድ ያወጣ፣ ዳንስ ከትንፋሽ ይጀምራል ብሎ የሚያስተምር፣ ለፓሪስ ኦፔራ ባሌት ሳይቀር ዳንስ የደረሰ ሰው ነው። እንግዲህ ከአዲስ አበባ ጎዳና የተነሣው ሥልጠና በ8 ዓመት ውስጥ ከዓለም ታላላቅ የዳንስ መምህራን ወደ አንዱ አደረሰ ማለት ነው።

ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ጁነይድ ከአዱኛ ባልደረባው ከአዲሱ ደምሴ ጋር በለንደን በሳድለርስ ዌልስ ቴአትር መድረክ ላይ ታየ። ይህ ቦታ ከ1683 ጀምሮ ትርኢት የሚታይበት፣ በዘመናችንም ከዓለም ታላላቅ የዳንስ ቤቶች አንዱ ነው። ትርኢቱን ከቴአትሩ ጋር ያዘጋጀው ዳንስ ዩናይትድ የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ ስሙም «ዴስቲኖ» ነበር፤ በኢጣልያንኛ ዕጣ ፈንታ ማለት ነው።

ሁለቱ ዳንሰኞች በዚያ ስም አልፈው አልሄዱም። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ዴስቲኖ የሚባል የዳንስ ቡድን አቋቋሙ። ቡድኑም ወጣቶችን ያሠለጥናል፤ አካል ጉዳተኞችም ከሌሎቹ ጋር እኩል ይደንሱበታል። የመጀመሪያው መምህር ማልዱም በበኩሉ በ2003 በበርሊን 250 ያህል ወጣቶችን አሠልጥኖ ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር አቅርቧል። ሙዚቃው ኒጂንስኪ በ1913 ዳንሱን የደረሰለት የስትራቪንስኪ ሥራ ነበር። ስለዚህ ጥበቡ ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ቶኪዮና ለንደን የሄደው በመጽሐፍ ተጽፎ ሳይሆን፣ ከሰውነት ወደ ሰውነት፣ ከመምህር ወደ ተማሪ እየተላለፈ ነው። ጁነይድና አዲሱም ዛሬ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ተቀባዮች ብቻ ሳይሆኑ ሰጪዎች ናቸው።

፫. ምንባቡ እንዴት እንደ ተሠራ

ምንባቡን እንደ ገና ተመልከቱና የሚከተሉትን 4 ነገሮች ልብ በሉ።

1. ደራሲው አንባቢው ከሚያውቀው ነገር ጀምሮ ወደማያውቀው ሄዷል። ባሌትን አይቶ የማያውቅ ተማሪ ወረብን ያውቃል። ወረብ ሥርዓት እንዳለው ከተቀበለ በኋላ፣ ባሌትም ሥርዓት አለው ሲባል አያስቸግረውም።

2. «ታላቅ ዳንሰኛ» የሚል ቃል ስለ ጁነይድ አልተጻፈም። በዚህ ፈንታ ማን እንዳሠለጠነው፣ ስንት ዓመት እንደ ፈጀ፣ ማን እንደ መረጠውና የት እንደ ታየ ተነግሯል። ታላቅነቱን የሚናገሩት እነዚህ ናቸው።

3. የመከራ ኑሮ ለማሳዘን አልዋለም። የጎዳና ልጅ ስለ መሆን ብዙ ማልቀስ ይቻል ነበር። ሆኖም ልቅሶ ሲበዛ ሰውየው ይጠፋና ችግሩ ብቻ ይቀራል። ምንባቡ ይበልጥ ቦታ የሰጠው ለሥልጠናው ነው፤ ወጣቶቹን የለወጣቸው እርሱ ነውና።

4. ታሪኩ በጭብጨባ አላበቃም። የሙያ ታሪክ መደምደሚያ «ሰውየው ዝናን አገኘ» የሚለው ሳይሆን «ያገኘውን ምን አደረገበት?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው።

፬. ሰዋስው

ሀ. ቦዝ አንቀጽ። ተጀምሮ፣ ተመልሰው፣ ሰብስቦ፣ አሠልጥኖ የመሳሰሉት ቃላት ቦዝ አንቀጽ ይባላሉ። ቦዝ አንቀጽ ከዐቢይ አንቀጹ በፊት የተፈጸመን ድርጊት ያመለክታል፤ ብቻውን ግን ዐረፍተ ነገርን አይዘጋም። «ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው» ብንል አድማጩ «ተመልሰው ምን አደረጉ?» ብሎ ይጠብቃል። «አቋቋሙ» የሚለው ዐቢይ አንቀጽ ሲመጣ ሐሳቡ ይሞላል።

ታሪክ ስንጽፍ ቦዝ አንቀጽ እጅግ ይጠቅመናል፤ ሲበዛ ግን ይጎዳናል። ይህን ተመልከቱ፦

«ጁነይድ ሠልጥኖ፣ ተመርጦ፣ ከተሺጋዋራ ተምሮ፣ ለንደን ሄዶ፣ ደንሶ፣ ተመልሶ ቡድን አቋቋመ።»

ይህ ዐረፍተ ነገር የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን 5 ዓመት የፈጀው ሥልጠናና አንድ ቀን የፈጀው ጉዞ እኩል ክብደት አግኝተዋል። አንባቢው ሳይተነፍስ ስለሚሮጥ የትኛው ድርጊት ዋና እንደ ሆነ አይለይም። ስለዚህ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከ2 ወይም ከ3 ቦዝ አንቀጽ በላይ ባታስገቡ ይመረጣል፤ ትልቁን ድርጊት ምንጊዜም በዐቢይ አንቀጽ አስቀምጡት።

ለ. አያያዥ ቃላት። ድርጊቶች በጊዜ ብቻ ሳይሆን በምክንያትም ይያያዛሉ። «ከዚያ፣ ከዚያም፣ ከዚያ ወዲያ» እያሉ መደርደር የጊዜን ቅደም ተከተል ብቻ ያሳያል። «ስለዚህ» እና «ከዚህም የተነሣ» ምክንያትን፣ «ይሁን እንጂ» እና «ነገር ግን» ተቃርኖን፣ «በዚህ ፈንታ» ልውውጥን ያሳያሉ። በምንባቡ 6ኛ አንቀጽ ላይ «ቢሆን ኖሮ… በቀረ ነበር» የሚለውን አገላለጽ ፈልጉ። ይህ ያልሆነን ነገር ጠቅሶ የሆነውን ነገር ዋጋ የሚያጎላ ነው።

ሐ. የአክብሮት አነጋገር። በምንባቡ ውስጥ ስለ ሁሉም ሰዎች በነጠላ ተጽፏል፤ «አቋቋመ፣ አስተማረ፣ ደረሰ» የሚሉት ግሦች ይህን ያሳያሉ። ስለ ከያኒያንና ስለ ታሪክ ሰዎች ሲጻፍ ይህ የተለመደ ነው። ስለ አንድ ጎረቤት አዛውንት ወይም ስለ መምህራችሁ ስትጽፉ ግን «አቋቋሙ፣ አስተማሩ» ማለት ይገባችኋል። የቱንም ብትመርጡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጽኑት። በአንዱ አንቀጽ «መሪጌታ ገብተዋል»፣ በሌላው «መሪጌታ ገብቷል» ብሎ መጻፍ ነውር ብቻ ሳይሆን የስምምነት ስሕተትም ነው።

፭. የቃላት ፍች

ከያኒ፦ በኪነ ጥበብ የሠለጠነ ሰው።
አቋቋም፦ መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ተይዞ የሚከናወን የቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት ክፍል።
ደቀ መዝሙር፦ ከአንድ መምህር እግር ሥር ሆኖ የሚማር፤ ብዙው ደቀ መዛሙርት።
አዱኛ፦ ሀብት፣ ብልጽግና።
ፈለግ፦ አሻራ፣ ዱካ፤ ፈለግ ተከተለ ማለት ሌላው በሄደበት መንገድ ሄደ ማለት ነው።
ከናካቴው፦ ጭራሹን፣ ፈጽሞ።

፮. መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. ምንባቡ ስለ ባሌት ከመናገሩ በፊት ስለ አቋቋም ቤት የተናገረው ለምንድን ነው?
2. የማልዱም ልጆችን አለማዘን ጭካኔ ነበርን ወይስ አክብሮት? ምክንያታችሁን ከምንባቡ ጥቀሱ።
3. በ1996 እና በ2004 መካከል የተፈጸመው ዋና ነገር ምንድን ነው? እርሱ ባይኖር ታሪኩ እንዴት ይለወጥ ነበር?
4. 1996፣ 2004 እና 2009 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስንት ይሆናሉ? ከመስከረም በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት አትርሱ።

ለ. ከላይ በሰዋስው ክፍል የተሰጠውን ቦዝ አንቀጽ የበዛበት ዐረፍተ ነገር በ3 ዐረፍተ ነገር ከፋፍላችሁ እንደ ገና ጻፉት። በእያንዳንዱ ውስጥ ቢያንስ አንድ የዘመን ቁጥር ወይም የቦታ ስም ይኑር።

ሐ. «ዳንስ ሙያ ነው ወይስ ጨዋታ?» በሚል ርእስ በክፍል ውስጥ ተከራከሩ። ተናጋሪ ሁሉ ሐሳቡን በአንድ ተጨባጭ ማስረጃ ይደግፍ።

መ. ድርሰት። በሰፈራችሁ ካሉ ባለሙያዎች አንዱን ምረጡ። ለምሳሌ በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ልብስ ሰፊ፣ ጫማ ሠሪ፣ የአቋቋም መምህር፣ የስፖርት አሠልጣኝ፣ ወይም በአውሮፕላን ማረፊያው የሚሠራ መካኒክ ልታገኙ ትችላላችሁ። ፈቃዱን ጠይቃችሁ የሚከተሉትን አምስት ነገሮች ከራሱ አንደበት ስሙ፤ ሙያውን መቼ ጀመረ? ማን አስተማረው? ለመማር ስንት ጊዜ ፈጀበት? ከሁሉ የከበደው ምን ነበር? ዛሬ ለማን እያስተማረ ነው? መልሱን በማስታወሻ ከያዛችሁ በኋላ 250 ቃላት ያህል ያለው የሙያ ታሪክ ጻፉ። «ድንቅ፣ ታላቅ፣ ወደር የሌለው» የሚሉትን ቃላት በድርሰታችሁ ውስጥ አትጠቀሙ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ድርሰቱን ለጎረቤታችሁ ተማሪ አስነብቡት። እርሱም «ይህ ሰው በእውነት ሙያውን ያውቃል» ካለ፣ እናንተ ሳትናገሩት ምስጋናው ተነግሯልና ድርሰቱ ተሳክቶላችኋል። ካላለ ግን ወደ ባለሙያው ተመልሳችሁ ያልጠየቃችሁትን ጠይቁ።